ዘጠኙ ብልቃጦች

በደቡብ ፈረንሳይ፣ በግራስ ከተማ፣ ሽቶ ቅመማ ለብዙ ዘመን ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ፣ ባዕድ የማይጠጋው ሙያ ነበር። ቀመር ይደበቃል፤ ተለማማጅ የጌታውን እጅ እያየ በራሱ ጊዜ እንዲገባው ይጠበቃል። ይህን የሙያ አጥር ከውስጥ የከፈተው ዣን ካርል ነው። ለእኔ ከሠራቸው ሽቶዎች ሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝም ይኸው ነው፤ ሽቶዎቹ ራሳቸው እኮ ቀላል አይደሉም።

ካርል (እ.አ.አ. 1892–1966) የሠራው ሩር በርትራን ዱፖን በተባለው የግራስ ሽቶ ቤት ነው። በ1932 በፓቹሊና በቅርንፉድ የከበደውን ታቡ የተባለ ሽቶ ቀመመ፤ በ1937 ሾኪንግን፣ በ1946 ለካርቨን የልብስ ቤት ማ ግሪፍን፤ በ1947 የወጣውን ሚስ ዲዮርን ደግሞ ከፖል ቫሼ ጋር ሠራ።

ማ ግሪፍን ቀረብ ብሎ ማሽተት ይገባል። መጀመሪያ የሚመጣው አረንጓዴ፣ ኮምጠጥ ያለ፣ ገና ያልበሰለ ፍሬ ልጣጭ ሲቧጠጥ የሚወጣውን የሚመስል ሽታ ነው። ስቲራሊል አሴታት የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ ትንሽ ሲበዛ ሌላውን ሁሉ ይውጣል። ካርል ግን አልሳሳለትም። ድፍረቱን የቻለው ከሥር ያለው ነው፦ የኦክ ዛፍ ሽበት፣ እርጥብ አፈርና ቅርፊት የሚሸት፣ ከቆዳ ላይ ቶሎ የማይለቅ። ከላይ ያለው ስለት እየሳሳ ወርዶ ከዚህ ጋር ሲገናኝ ስፌቱ የት ላይ እንደሆነ አይታወቅም።

እንዲህ ያለ ስፌት በዕድል አይገኝም። ካርል በ1946 በሩር ቤት ትምህርት ቤት ሲከፍት ተማሪዎቹን ያስጀመራቸው ከቀመር ሳይሆን ከማሽተት ነው፤ ያውም መጀመሪያ እርስ በርስ ፈጽሞ የማይመሳሰሉትን፣ ለምሳሌ ሎሚን ከቀረፋ ጎን። ልዩነቱ በአእምሮ ከተቀረጸ በኋላ ነው ወደሚቀራረቡት፣ ሎሚን ከብርቱካን ወደ መለየት የሚሻገሩት። መካከለኛ የማሽተት ችሎታ ያለው ሰው በሥርዓት ከሠራ አፍንጫውን ማሳደግ ይችላል ብሎ ያምን ነበር። ጥበቡ በትውልድ ይወረሳል በሚባልበት ከተማ ይህን ማለት ቀላል ነገር አልነበረም።

ከዚያ ማዋሃድ ይመጣል። ሽታዎችን በትነት ፍጥነታቸው ከፈላቸው፦ ቶሎ የሚበንኑ፣ መካከለኞች፣ ዘግይተው የሚቀሩ። ግንባታውን የሚጀምረው ሽቶው ሲለበስ መጨረሻ ላይ ከሚሸተው፣ ከመሠረቱ ነው። ሁለት ነገሮች ይወሰዳሉ፤ የዛፍ ሽበትና አምበር እንበል። ዘጠኝ ለአንድ፣ ስምንት ለሁለት፣ ሰባት ለሦስት እየተባለ እስከ አንድ ለዘጠኝ ዘጠኝ ብልቃጥ ይቀመማል። ተማሪው ሁሉንም በስስ ወረቀት እየነከረ ያሸታል። በአብዛኛው አንዱ ሌላውን ይጫነዋል፤ በአንዱ ብልቃጥ ግን ሁለቱም ይጠፉና ሦስተኛ ሽታ ይወለዳል። ያን የሚያገኘው ተማሪው ራሱ ነው፤ መምህሩ አይነግረውም። ልግስናው እዚህ ላይ ይታየኛል፤ መልሱን ሳይሆን መንገዱን ሰጥቶ ዝም ማለት።

ዘግይተው ከሚቀሩት መሠረቶች አንዱ ዝባድ ነው፤ ከኢትዮጵያ በቀንድ ታሽጎ ወደ ፈረንሳይ ቀማሚዎች ይጓዝ የነበረው። ብቻውን ሲሸተት ይከብዳል። በትንሹ ሲገባ ግን አበባውን ያሞቀዋል፤ መጠን ምን ያህል ኃይል እንዳለው ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም።

ካርል በኋለኛው ዘመኑ ማሽተት አቁሞ ነበር፣ ማ ግሪፍንና ሚስ ዲዮርንም የሠራው በዚያ ሁኔታ ነው ይባላል። ብዙዎች ይህን እንደ ተአምር ያወሩታል። እኔ ግን የሥርዓቱ ፍሬ ነው እላለሁ፤ እያንዳንዱን ሽታ ከጎረቤቱ ለይቶ፣ በየመጠኑ መዝኖ በአእምሮው ያኖረ ሰው ከመዘገበው ሊቀምም ይችላል።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዘዴውን ጽፎ ለሁሉም አሳተመው። ለመሠረቱ 55፣ ለመካከለኛው 20፣ ቶሎ ለሚበንነው መነሻ 25 ከመቶ እያለ የሚሠራበትን ልክ ሳይቀር ገለጠው። ተማሪው የነበረችው ሞኒክ ሽሊንዤ በ1976 ፓሪስ ውስጥ ሳንኪዬም ሳንስ የተባለውን ማሠልጠኛ መሠረተች። የእሱ ትምህርት ቤትም የሩር ቤት ጂቮዳን ከተባለው የሽቶ ኩባንያ ጋር ከተዋሃደ በኋላ በጂቮዳን ስም ቀጥሎ ዛሬም ቀማሚ ያወጣል።