ስለ አኮስታ መጽሐፍና ስለ አራዊት መንገድ

አራዊት ከመርከብ ወጥተው (ዘፍ. 8፥19) አሜሪካ እንዴት ገቡ ብሎ እስጳኛዊው ካህን ሆሴ ዴ አኮስታ በ1590 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይጠይቃል። ተኵላና ቀበሮ በመርከብ ጭኖ የሚወስድ የለምና፥ ምድሪቱ በአንድ ወገን ከቀድሞው ዓለም ጋር የገጠመች ወይም የቀረበች ናት አለ። ስፍራውን ሳያይ እንዲህ ማለቱ የሚደነቅ ነው፤ ቤሪንግ የሚባለው የባሕር ወሽመጥ ስፋቱ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፥ በበረዶ ዘመንም ውኃው ጐድሎ የብስ ነበረ።

ላማ የሚባለው የፔሩ ከብት በሌላ አገር ስለ ምን አልተገኘም በሚለው ግን ደከመ፤ በጠባዩና በመግቦተ እግዚአብሔር ወደዚያ ሄዶ ይሆናል ብሎ አለፈ። ከምድር የተቈፈረው አጥንት የሚያስረዳው ሌላ ነው። የግመል ወገን መጀመሪያ በሰሜን አሜሪካ ነበረ፤ እኩሌታው ወደ ደቡብ ወርዶ ላማ ሆነ፥ እኩሌታው ወደ እስያ ተሻገረ። የአብርሃም ሎሌ የነዳቸው 10 ግመሎች (ዘፍ. 24፥10) አባቶቻቸው የወጡት አኮስታ መግቢያ ብሎ በፈለገው በር ነው።