ብዙ አዳራሽ፣ አንድ ቤተሰብ

በሙስሊም ቤተሰብ መካከል ስለ ሲኒማ ወሬ ሲነሳ ውይይቱ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ጥያቄ አያልፍም፤ «መሄድ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም?» የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ባለቤቶች አሉት። ዑለሞች የተናገሩበትና የሚናገሩበት ጉዳይ በመሆኑ ለእነርሱ እንተወዋለን። ነገር ግን ከእርሱ ቀጥሎ የሚመጣ፣ ሆኖም እምብዛም የማይነሳ ሌላ ጥያቄ አለ። ልጆቹ «ውሰዱን» ብለው ወትውተው፣ አባት ኪሱን እናትም ሰዓቷን አይተው፣ ቤተሰቡ ለመሄድ ከወሰነ በኋላ ያ ጉዞ መልካም ወይም መጥፎ የሚሆነው በምንድን ነው?

ብዙዎቻችን መልሱን ለፊልሙ ብቻ እንሰጣለን። ፊልሙ ካማረ ጉዞው አማረ፣ ፊልሙ ከከፋ ጉዞው ከፋ እንላለን። ይህ ፍርድ ጎዶሎ ነው። የምንገባበት ቤት ራሱ የተሠራበት ዓላማ አለው። ያንን ዓላማ ያላስተዋለ ቤተሰብ ጥሩ ፊልም አይቶም ተጎድቶ ሊወጣ ይችላል።

ቤቱ ለምን ተሠራ?

በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የአዲስ አበባ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ያየውን ሲኒማ ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎ እንደጠራው ይታወቃል። ያ ቤትና ከእርሱ በኋላ ለብዙ ዓመታት የተከፈቱት ሲኒማ ቤቶች አንድ አዳራሽ ነበራቸው። በአንድ ሰዓት የሚያሳዩትም አንድ ፊልም ነበር። የቀረበውን ፊልም ያልወደደ ሰው ቤቱ ይቀራል፤ የወደደ ደግሞ ከቤተሰቡ ጋር ገብቶ ሁሉም አንድ ነገር አይቶ ይወጣል።

በአንድ ጣሪያ ሥር ብዙ አዳራሾች የሚይዘው ሲኒማ፣ ማለትም መልቲፕሌክስ፣ የተወለደው ግን ከገበያ ስሌት ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ካንሳስ ሲቲ ስታንሊ ዱርዉድ የተባለ የሲኒማ ነጋዴ በአንድ የገበያ ማዕከል ውስጥ ሁለት አዳራሾችን ጎን ለጎን ከፈተ። ስሌቱ ቀላል ነበር። አንድ በር፣ አንድ ትኬት ቆራጭና አንድ የፈንድሻ መሸጫ ለሁለት አዳራሽ ያገለግላሉ። ሐሳቡ ገንዘብ እንደሚያስገኝ ሲታወቅ ቁጥሩ እያደገ ሄደ። በ1979 በካናዳ ቶሮንቶ ባለ 18 አዳራሽ፣ በ1985 በእንግሊዝ ሚልተን ኪንስ ባለ 10፣ በ1995 በአሜሪካ ዳላስ ባለ 24 አዳራሽ ሲኒማ ተከፈተ። አዲስ አበባም በቦሌው ኤድና ሞል ውስጥ ከአንድ በላይ አዳራሽ ያለው ሲኒማ አይታለች። በባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ «ሲኒማ» ሲባል በአብዛኛው የሚታወቀው ይኸው በገበያ ማዕከል ውስጥ ያለው ባለ ብዙ አዳራሽ ቤት ነው።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ከትኬት የሚገኘውን ገቢ ሲኒማ ቤቱ ከፊልም አከፋፋዩ ጋር ይካፈላል፤ በተለይ ፊልሙ አዲስ በሆነባቸው ሳምንታት የአከፋፋዩ ድርሻ ከፍ ያለ ነው። ከፈንድሻና ከለስላሳ የሚገኘው ትርፍ ግን ለሲኒማ ቤቱ ይቀራል። እንግዲህ ወደ አዳራሹ የሚወስደው መንገድ በፈንድሻው ሽታ መካከል የሚያልፈው፣ ሰዓቶቹም የሚወጣውና የሚገባው ሕዝብ እዚያው እንዲገናኝ ሆነው የሚደረደሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ለአምስት ሰው ትኬት የቆረጠ አባት ከትኬቱ ያላነሰ ገንዘብ በመሸጫው ፊት ሊያወጣ ይችላል፤ ልጁም እንቢ ሲባል በሰው ፊት ያለቅሳል። ይህን አስቀድሞ ያልተነጋገረ ቤተሰብ ፊልሙ ሳይጀመር ተኳርፎ ይቀመጣል።

ከገንዘቡ የባሰው ግን መለያየቱ ነው። ብዙ በር ያለው ቤት ብዙ ምርጫ ያለው ይመስላል። በእርግጥ ሲታይ አንድ ብዙ ገንዘብ የወጣበት ፊልም በአንድ ጊዜ ሦስትና አራት አዳራሽ ሊይዝ ይችላል፤ ስለዚህ የበሩ ብዛት የፊልሙን ብዛት አያመለክትም። ምርጫው ሲኖርም አብሮ የወጣን ቤተሰብ ይበትነዋል። አባት ወደ ሁለተኛው አዳራሽ፣ ታላላቆቹ ልጆች ወደ አምስተኛው፣ እናት ከታናሹ ጋር ወደ ካርቱኑ ይገባሉ። ከሁለት ሰዓት በኋላ በመውጫው ሲገናኙ የሚነጋገሩበት የጋራ ነገር የላቸውም። አብረው ወጥተዋል፤ አብረው ግን አልነበሩም። የዚህ ዓይነቱ ጉዞ፣ ፊልሞቹ ሁሉ ጥሩ ቢሆኑ እንኳ፣ ለቤተሰብ መጥፎ ጉዞ ነው።

ከሲኒማ ቤቱ የሚጠበቀው አማና

ቤተሰቡን ብቻ መውቀስ ፍትሐዊ አይሆንም። ትኬት ውል ነው፤ ሻጩም የሸጠውን በሙሉ ማስረከብ አለበት። በዲጂታል ሲኒማ ስክሪኑ ላይ ሊያርፍ የሚገባው ብርሃን መለኪያ ወጥቶለታል፤ በካሬ ሜትር 48 ካንዴላ ነው። ተመልካች ይህን የሚለካበት መሣሪያ የለውም፤ ዓይን ግን አለው። በሌሊት ትዕይንት ላይ የተዋናዩን ፊት መለየት ከተሳነው፣ ወይ የማሳያው አምፖል አርጅቷል፣ ወይ ለስሪ-ዲ ፊልም የተገጠመው ሌንስ ሳይነሳ ተራ ፊልም እየታየበት ነው። በሚዛን የሚያጎድል ነጋዴ ምን እንደሚባል እናውቃለን። ብርሃን የሚያጎድል ሲኒማ ቤትም ከእርሱ አይለይም።

ድምፅን በተመለከተ ችግሩ ማነሱ ሳይሆን መብዛቱ ነው። ባለሙያዎች ፊልምን የሚያቀናብሩበት መነሻ ለእያንዳንዱ የድምፅ መስመር 85 ዴሲቤል ሲሆን፣ ፍንዳታና ግጭት ሲመጣ ከዚያ በ20 ዴሲቤል ሊበልጥ ይችላል። ይህ ለትልቅ ሰው ደስታ ሊሆን ይችላል፤ ለአራት ዓመት ሕፃን ግን ፍርሃትና የጆሮ ሕመም ነው። ሕፃን ጆሮውን በእጁ ሲሸፍን እናትና አባት «ይለምደዋል» ማለት የለባቸውም። ድምፁ እንዲቀነስ መጠየቅ የከፋይ መብት ነው። ካልተቀነሰ ሕፃኑን ይዞ መውጣት የወላጅ ግዴታ ነው።

መቀመጫም ቢሆን ዋጋ አለው። ከስክሪኑ ወደ ኋላ የአዳራሹን ሁለት ሦስተኛ ያህል ርቆ መሃል ላይ መቀመጥ ለዓይንም ለጆሮም ይመቻል። ዘግይቶ የደረሰ ቤተሰብ ግን ፊት ለፊት ተበታትኖ፣ አንገቱን አቅንቶ ያያል፤ ቦታውን ፍለጋም የሌላውን ሰው ጉልበት እየረገጠ ያልፋል። በጨለማ ውስጥ ስልክ የሚያበራውና ጮክ ብሎ የሚያወራውም እንደዚሁ ነው። አዳራሹ የጎረቤት ሐቅ የሚጠበቅበት ቦታ ነው፤ ጎረቤትነቱ የሁለት ሰዓት መሆኑ ሐቁን አያሳንሰውም።

ሰዓቱና ሶላቱ

ጨለማው አዳራሽ መስኮት የለውም፤ የግድግዳ ሰዓትም አይሰቀልበትም። ተመልካቹ ጊዜን እንዲረሳ ተብሎ የተሠራ ነው። አላህ (ሱ.ወ) በጊዜ የማለበትን ሱራ ልጆቹን ለሚያስቀራ ቤተሰብ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ደግሞም ትኬቱ ላይ የተጻፈው ሰዓት ፊልሙ የሚጀምርበት አይደለም። ማስታወቂያውና የሚመጡት ፊልሞች ቅንጭብ ከፊቱ አሉ።

እስቲ በአዲስ አበባ ሰዓት እናስላው። ትኬቱ ከቀኑ 10፡30 ይላል እንበል። ማስታወቂያው 20 ደቂቃ ቢወስድና ፊልሙ ሁለት ሰዓት ቢሆን የምንወጣው 12፡50 ላይ ነው። መግሪብ ገብቶ ቆይቷል፤ ዒሻ እየተቃረበ ነው፤ ውዱእ የሚደረግበትና የሚሰገድበት ቦታ ደግሞ ገና አልተፈለገም። ያው ፊልም 7፡30 ላይ ቢታይ ግን ዙህርን ሰግዶ ገብቶ፣ 10 ሰዓት ግድም ወጥቶ፣ ዐስርን በተረጋጋ ልብ መስገድ ይቻላል። ፊልሙ አልተለወጠም፤ ጉዞው ግን ተለውጧል። በለንደን የሚኖር ቤተሰብ ደግሞ በታኅሣሥ ወር ይበልጥ መጠንቀቅ አለበት፤ ፀሐይ ከቀኑ 10 ሰዓት ሳይሞላ ስለምትጠልቅ ከቀትር በኋላ የሚታይ አንድ ፊልም ዐስርን ከመግቢያው እስከ መውጫው ሊውጠው ይችላል።

ከዚህ አንፃር በባሕረ ሰላጤው አገሮች በገበያ ማዕከላት ውስጥ መስገጃ መኖሩ ትልቅ ጸጋ ነው። መስገጃ መኖሩ ብቻ ግን አያሰግድም። ሰዓቱን የሚመርጠው ቤተሰቡ እንጂ ሕንፃው አይደለም።

ዕድሜ የሚለው ምልክት

በፊልሙ ማስታወቂያ ላይ የሚጻፈውን የዕድሜ ምልክት ብዙ ወላጅ እንደ ፈቃድ ወረቀት ይቆጥረዋል። አሜሪካኖች ፒጂ-13 የሚሉትን ምልክት ያወጡት በ1984 ሲሆን፣ ትርጉሙ ከ13 ዓመት በታች ላሉ የማይመች ነገር ሊኖር ስለሚችል ወላጅ ይጠንቀቅ ማለት ነው። በእንግሊዝ አገር ከ2002 ጀምሮ በሲኒማ ቤቶች የሚሠራበት 12ኤ የተባለው ምልክት ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከትልቅ ሰው ጋር ከሆነ ይግባ ይላል። ሁለቱም ምልክቶች ኃላፊነቱን ከሲኒማ ቤቱ አንስተው በወላጁ ትከሻ ላይ ያስቀምጣሉ። ስለዚህ ምልክቱን አይቶ ማረፍ የለም። ፊልሙ ስለ ምን እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ፣ ያየውን ሰው ማነጋገር፣ ካልሆነም ትኬት ከመቁረጥ መቆጠብ ይቀራል። በሩ ላይ ደርሶ ስዕሉን አይቶ መምረጥ ግን ለልጆች አስተዳደግ የሚመጥን ምርጫ አይደለም።

አንድ ፊልም፣ ሁለት አፈራረድ

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። የሙስጠፋ አልዐቃድ «አር-ሪሳላ» በ1976 ተሠርቶ ከዚያ ወዲህ በብዙ ሙስሊም ቤቶች በካሴት የታየ ፊልም ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በፊልሙ አይታዩም፤ ድምፃቸውም አይሰማም። ሌሎቹ ተዋንያን ወደ ካሜራው ዞረው ሲናገሩ ተመልካቹ ለማን እንደሚናገሩ ይረዳል። የሐምዛን ቦታ በእንግሊዝኛው ቅጂ አንቶኒ ኩዊን፣ በዐረብኛው ዐብደላህ ጌይስ ተጫውተውታል። ለእኛ ደግሞ ልዩ ነው፤ ሰሓቦች ወደ ሐበሻ ተሰደው በነጃሺ ፊት የቆሙበት ትዕይንት አለበት።

ፊልሙ በ1977 በአሜሪካ ሊታይ ሲል አንቶኒ ኩዊን የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ቦታ ተጫውቷል የሚል የሐሰት ወሬ ተሰራጭቶ ነበር። በመጋቢት ወር በዋሽንግተን ሕንፃዎችን ይዘው ሰዎችን ያገቱ ታጣቂዎች ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ይህ ፊልም እንዳይታይ ነበር፤ በዚያ አደጋ የሰው ሕይወት ጠፋ። ሳያዩ መፍረድ የት እንደሚያደርስ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። ከ41 ዓመታት በኋላ ግን በጁን 2018 ይኸው ፊልም ታድሶ በሳዑዲ ዐረቢያ ሲኒማ ቤቶች ታየ። በአገሪቱ ከ30 ዓመታት በላይ ተዘግቶ የቆየው ሲኒማ በሪያድ ከተከፈተ ገና ሁለት ወር ያህሉ ነበር። አልዐቃድ ይህን አላየም፤ በ2005 በአማን ሆቴል ላይ በደረሰው ፍንዳታ ከልጁ ጋር ሕይወቱ አልፏል።

ይህ ፊልም ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ የተቀረጸውም ለሰፊ ስክሪን ነው። በቤት ቴሌቪዥን የበረሃው ስፋትና የሠራዊቱ ብዛት ይጠባል፤ በጥሩ አዳራሽ ግን እንደታሰበው ይታያል። ይህ የትልቁ አዳራሽ እውነተኛ ጥቅም ነው፤ ልንክደው አይገባም። ነገር ግን ሦስት ሰዓቱን ሳያሰሉ ገብተው መግሪብን አሳልፈው የወጡ ሰዎች፣ ስለ ሰሓቦች ጽናት አይተው ያንኑ ጽናት በሩ ላይ ትተውት ወጥተዋል። በአንጻሩ ተራ የልጆች ካርቱን ያየ ቤተሰብ ሰዓቱን ጠብቆ፣ አብሮ ተቀምጦ፣ ወደ ቤት ሲመለስ ታናሹ ልጅ «ያኛው ለምን ዋሸ?» ብሎ ጠይቆ አባቱ ከመለሰለት መልካም ጉዞ አድርጓል።

ውድ አንባብያን፣ ከዚህ ሁሉ የምንይዘው መለኪያ ብዙ አይደለም። ፊልሙን ቤት ሳለን እንምረጥ፤ ሰዓቱን በሶላት እንመዝነው፤ የምናወጣውን ገንዘብ ለልጆቹ አስቀድመን እንንገራቸው፤ በአንድ በር ገብተን አንድ ነገር እንይ። ለሁላችን የሚሆን አንድ ፊልም ከሌለ የዚያ ቀን መልስ «ሌላ ጊዜ» ነው። ሲኒማ ቤቱ ብርሃንና ድምፅ ካጎደለ ወይም ካበዛ በአደብ እንጠይቅ። ከወጣን በኋላም ልጆቹ ያዩትን እንዲናገሩ ጊዜ እንስጣቸው፤ ትኬቱ የሚያልቀው በአዳራሹ ነው፣ ልጁ ያየው ግን አብሮት ቤት ይገባል። አላህ ጊዜያችንን ይባርክልን፣ ቤተሰባችንንም ይጠብቅልን። ወላሁ አዕለም።