የ«ቡ» ክንድ

ከበደሌ ወደ መቱ ሲጓዙ ያዮ ላይ ቡና ሳይጠጡ ማለፍ ነውር ይመስለኛል። ከጥቂት ዓመታት በፊት የጀበና ቡና ከሚፈላባት አንዲት ጠባብ ቤት አረፍ ስል፣ ከቡናው አስቀድሞ ያስደሰተኝ በሯ ላይ የተሰቀለው ቆርቆሮ ነበር። «ቡና» ይላል። ጸሐፊው የ«ቡ»ን ክንድ ወደ ቀኝ ዘርግቶ ስኒ አስይዟታል። ቀጥሎ ያለው «ና» ደግሞ በራሱ ጥሪ ነው። ከሥሩ ያንኑ ቃል በቁቤ ሲጽፍ፣ አፏን ወደ ላይ የከፈተችውን ሁለተኛዋን ፊደል ስኒ አድርጎ እንፋሎት አስወጥቶባታል። በሁለት ቋንቋ፣ በሁለት ዓይነት ፊደል፣ አንድ ቀልድ!

በቅርቡ ስመለስ ቆርቆሮው ወርዶ ባነር ተተክቷል። ፊደሎቹ አሁንም ይጫወታሉ፤ አንዱ ዘመም፣ ሌላው ዘለል ብሏል። እጅ የጻፈው የሚመስል የኮምፒዩተር ፊደል ነው። ጥቂት እልፍ ብዬ ያንኑ ፊደል አንድ መድኃኒት ቤት ላይ አየሁት። ሕመምተኛ ይዞ የመጣ ሰው የሚዘል ፊደል ምን ይፈይድለታል?

የፊደሉን ቀራጭ መውቀሴ አይደለም። ላቲን የሚቀርጽ ሰው 26ቱን ፊደላት በትልቁም በትንሹም ቢነድፍ 52 ቅርጽ ይበቃዋል። የእኛዎቹ 33 ፊደላት ግን በ7 ሲባዙ 231 ናቸው፤ ዲቃላዎቹና አኃዞቹ ሳይቆጠሩ። ያን ሁሉ እየሳሉ የእጅን ለዛ አለማጣት ትልቅ ሙያ ነው። ጥፋቱ ያለው አጠቃቀሙ ላይ ነው። ቪንሰንት ኮኔር በ1994 እ.ኤ.አ. ለማይክሮሶፍት የቀረጸው ኮሚክ ሳንስም የታሰበው ለካርቱን ንግግር ነበር፤ የቢሮ ማስታወቂያ ላይ ሁሉ ሲለጠፍ ግን መሳለቂያ ሆነ።

የቆርቆሮው ጸሐፊ ሁለት ነገር ያውቅ ነበር። አንደኛ፣ የሚጽፈው ስለ ቡና እንጂ ስለ ሌላ አለመሆኑን። ሁለተኛ፣ የፊደሉን ሕግ። የ«ቡ»ን ክንድ እንዳሻው አስረዘመው እንጂ ከወገቧ ወደ እግሯ አላወረደውም። ቢያወርደው ኖሮ «ቢና» ሆኖ ያርፍ ነበር። ጨዋታ የሚጥመው ሕግ ሲኖረው ነው። የኮምፒዩተሩ ፊደል ሕጉን ጠብቋል፤ ቃሉን ግን አያውቀውም። «ቡና»ም ይሁን «ቡሽ»፣ «ቡ» ያው አንዷ «ቡ» ናት።

የያዮ የቡና ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። የዚህ አገር ቡና ታሽጎ ሩቅ ሲሄድ ከረጢቱ ላይ ስሙን የሚጽፍለት ማነው? ባነርም ሆነ ማተሚያ አልጠላም። የምለው አንድ ነገር ነው፤ ከማተማችን በፊት ቃሉን ብሩሽ ለያዘው ሰው እንስጠው፤ ዋጋውንም እንክፈለው። እሱ የሣለውን ማሽኑ ሺህ ጊዜ ያባዛው። ያን ጊዜ «ቡ» ክንዷን ስትዘረጋ ስኒ ይኖራታል።