የአስተማሪ ምስክርነት ደብዳቤ ማንን ይመዝናል?

በአገራችን ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚገባ ተማሪ የአስተማሪ ደብዳቤ አይጠየቅም፤ የሚመደበው በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤቱ ነው። ወደ አሜሪካ ኮሌጆች የሚያመለክት ግን አብዛኛውን ጊዜ ስለ እርሱ የሚመሰክር ደብዳቤ ከአስተማሪዎቹ እንዲያቀርብ ይታዘዛል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ደብዳቤው በእርግጥ የሚመዝነው ተማሪውን ነውን? የሚለውን ጥያቄ ነው።

የደብዳቤው ደጋፊዎች፥ ፈተና የጥቂት ቀናት ሥራ ስለሆነ የብዙ ዓመት ትጋትን አያሳይም ይላሉ። አባባላቸው ፍሬ አለው። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተፈተኑት 900,000 ያህል ተማሪዎች መካከል ከግማሽ በላይ ነጥብ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። የቀሩት ሁሉ ሰነፎች ናቸው ብሎ የሚፈርድ አይገኝም።

ወለጋም ለአስተማሪ ምስክርነት ባለዕዳ ናት። ከባርነት ነፃ የወጣውን ኦኔሲሞስ ነሲብን በምፅዋ አጠገብ እምኩሉ ላይ አስተምረው፥ እ.ኤ.አ. በ1876 ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ስዊድን የላኩት ሚሲዮናውያን ነበሩ። እርሱም መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ አሳተመ፤ እ.ኤ.አ. ከ1904 ጀምሮም በነቀምት አስተማረ።

ዳሩ ግን በዚያ ዘመን የሚመሰክረውና የሚቀበለው የአንድ ቤት ሰዎች ነበሩ። ዛሬ ከነቀምት በስተሰሜን በአንገር ጉቲን የሚያስተምር መምህርና በባሕር ማዶ ያለ የኮሌጅ መዝጋቢ አይተዋወቁም። በመካከላቸው ያለው ወረቀት ብቻ ነው፤ የወረቀቱም ውበት የጸሐፊው እንግሊዝኛ ነው። የእኛ መምህር ተማሪውን ከልቡ ሲያመሰግን፥ «ታዛዥ፥ ጨዋ፥ ሰዓት አክባሪ ነው» ይላል። በአገራችን ይህ ታላቅ ምስጋና ነው፤ አሜሪካዊው አንባቢ ግን «ሌላ የሚነገርለት ነገር አጥቶ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ኮሌጆቹን የሚያውቅ አማካሪ ቀጥሮ የሚያሠራ ውድ የግል ትምህርት ቤት ግን አንባቢው የሚወደውን አጻጻፍ ያውቃል። ደግሞም ተማሪው ራሱ ጽፎ መምህሩ ፊርማና ማኅተም ብቻ የሚያኖርበት ጊዜ አለ። በቅርብ ዓመታት በምሥራቅ ወለጋ በደረሰው ግጭት ከቀዬው የተፈናቀለ ተማሪስ የሚያውቀውን መምህር ከወዴት ፈልጎ ያገኛል? እንግዲህ ደብዳቤው ከተማሪው ይልቅ የሚመዝነው መምህሩንና ትምህርት ቤቱን ነው።

ስለ ጠባይ መመስከር ለአድልዎም መሣሪያ ሆኖ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በፈተና የሚገቡት የአይሁድ ተማሪዎች ቁጥር በበዛበት ጊዜ፥ ቁጥሩን ለመቀነስ ሲል የአመልካቹን ጠባይ መመዘኛ አደረገ። ጠባይ እንደ ነጥብ ስለማይቈጠር፥ ሚዛኑን የያዘው ሰው ወደ ወደደው ማዘንበል ይችላል።

ከዚህ የተነሣ ምስክርነት ፈጽሞ ይቅር ማለታችን አይደለም። መምህሩ የሚጠየቀው ምስጋና ሳይሆን የሚያውቀው ነገር ይሁን፤ ይኸውም በክፍሉ ስንት ተማሪ እንዳለ፥ ልጁ ስንተኛ እንደሆነ፥ ቤተ ሙከራና መጻሕፍት መኖራቸውን፥ ልጁ ያልገባውን ነገር እንዴት እንደሚጠይቅ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ይጻፍ፤ ትርጉሙን ተቀባዩ ያስብበት። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በጠቅላላው ደብዳቤ ሳይጠይቅ ተማሪዎቹን ይመርጣል። የቴክሳስ ግዛትም እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣችው ሕግ፥ ከየትም ትምህርት ቤት ከመቶ 10 ግንባር ቀደም የሆኑት በግዛቲቱ ዩኒቨርሲቲዎች እንዲገቡ ፈቅዳለች፤ የገጠሩም ልጅ የሚነጻጸረው አብረውት ከተማሩት ጋር ሆነ።

በአገራችንም ፈተና ብቻ አይበቃም፥ ደብዳቤ ይጨመር የሚል ሐሳብ ቢነሣ፥ አስቀድሞ ይህ ይመርመር። የአንገር ጉቲን ልጅ በፈተናው የቀረበት ዕድል፥ ደግሞ በመምህሩ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ሊቀርበት አይገባም።