ቃል ከነባልንጀራው

ለጂ.አር.ኢ. ፈተና አዘጋጀኝ ብሎ የሚመጣ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ በእጁ የሚይዘው ከሰው ወደ ሰው ሲገለበጥ ፊደሉ የደበዘዘ የቃላት ፎቶ ኮፒ ነው። በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ አንድ የአማርኛ ፍቺ። ዝርዝሩ በኤ ይጀምራል፤ ብዙ ሰው ቢ ላይ ይታክተዋል። በኤ የሚጀምረውን ብርቅ ቃል ሁሉ አጥንቶ ከዚያ ወዲያ ያለውን ያልነካ ስንቱን አይቻለሁ!

ፎቶ ኮፒው በጊዜው ይሠራ ነበር። ፈተናው ተቃራኒ ቃልና የቃላት ዝምድና ይጠይቅ ስለነበር ፍቺ መሸምደድ ያዋጣል። በነሐሴ 2011 እ.ኤ.አ. ግን ሁለቱም ቀሩ። ዛሬ የሚቀርበው ክፍት ቦታ ያለው ዓረፍተ ነገር ነው፤ አንዱ የጥያቄ ዓይነት እንዲያውም ከስድስት ቃላት መካከል ዓረፍተ ነገሩን አንድ ዓይነት ሐሳብ የሚያስይዙትን ሁለቱን ምረጡ ይላል።

እዚህ ላይ ነው የፎቶ ኮፒው እውቀት የሚከዳው። «አሊቪዬት» እና «ሚቲጌት» ሁለቱም «ማቃለል» ተብለው ይፈታሉ፤ ፍቺው ልክ ነው። እንግሊዝኛው ግን የመጀመሪያውን ከሕመም፣ ከድህነትና ከጭንቀት፣ ሁለተኛውን ከስጋትና ከጉዳት ጋር ማዋል ይወዳል። የአየር ንብረት ፕሮጀክት ላይ የሠራ ሰው ሚቲጌሽንን ማንም ሳያስጠናው ያውቀዋል፤ በየሪፖርቱ ከነባልንጀሮቹ አግኝቶታላ።

ስለዚህ የማጥኛ ካርድ ሳሠራ ቃሉን ብቻውን ፊቱ ላይ አላስጽፍም። ተማሪው ካነበበው ጽሑፍ ዓረፍተ ነገሩን ይቀዳል፣ ቃሉን ያወጣል፣ በቦታው የመጀመሪያዋን ፊደልና ሰረዝ ይተዋል። ጀርባው ላይ ቃሉን፣ አብረውት የሚሄዱ ሁለት ስሞችንና ጥግ ላይ የአማርኛ ፍቺውን ይጽፋል። አማርኛው ጭራሽ ይውጣ የሚሉ መምህራን አሉ፤ አልስማማም፤ በአንድ ቃል የሚያልቀውን በእንግሊዝኛ ማብራሪያ ለምን ላድክም? ቮልፍ ሌስላው በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ቃሉን በዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ ዓረፍተ ነገሩን በሙሉ ነው በአማርኛ የሚፈታው። አሁንም ከጠረጴዛዬ አይጠፋም።

ካርዱ በክፍሎች የተከፋፈለ የጫማ ካርቶን ውስጥ ይገባል። ሴባስቲያን ላይትነር በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. እንዳስተዋወቀው፣ የታወቀው ካርድ ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋል፣ የተረሳው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ስልክ ላይ ያሉት የካርድ መተግበሪያዎችም ሥራቸው ከሞላ ጎደል ያው ነው።

ከየትኛው ቃል እንጀምር ለሚለኝ ከብርቁ አይደለም እላለሁ። ኒው ዚላንድ ውስጥ አቬሪል ኮክስሄድ በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ዝርዝር 570 የቃላት ቤተሰቦች ብቻ ይዟል፤ ሆኖም ከዩኒቨርሲቲ ጽሑፍ አንድ አሥረኛውን ገደማ ይሸፍናሉ። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ የተማረ ሰው አብዛኞቹን በዓይን ያውቃቸዋል። ችግሩም ይኸው ነው፤ አውቀዋለሁ ብሎ ያልፋቸዋል። «ሰብሲኩዌንት»ን «በዚህ ምክንያት የመጣ» ብሎ የሚያነብ ጎበዝ ተማሪ በየዙሩ አይጠፋም። ቃሉ የሚለው ግን «ከዚያ በኋላ» ብቻ ነው። የጥናት ጽሑፍ ውስጥ በቅደም ተከተልና በምክንያት መካከል ያለው ልዩነት ድምዳሜውን ይገለብጠዋል።

የአይልትስ ተማሪዎቼ ጣጣ ሌላ ነው፤ የተማሩትን ሁሉ በአንድ ድርሰት ማፍሰስ ይፈልጋሉ። በተለይ «ፕሌቶራ»። ፈታኙ የቃላት ብዛትን ብቻ ሳይሆን ቃሉ በቦታው መዋሉንም ይመዝናል፤ ስለዚህ በአንድ አንቀጽ ከሁለት አዲስ ቃል በላይ አልፈቅድም። ያኮርፋሉ፤ ግን ይጽፋሉ።