በነፃ ላነበቡት ታሪክ የሚከፍሉ አንባቢዎች

ሪች በርሉ የሚስላቸው ገጸ ባሕርያት ክብ ራስና በቀጭን መስመር የተሠሩ እጅና እግር ያሏቸው ናቸው። «ዘ ኦርደር ኦፍ ዘ ስቲክ» የተሰኘውን ይህን ሥዕላዊ ትረካ ከ2003 ጀምሮ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በራሱ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ያወጣል። ትረካው «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» በተባለው ጨዋታ ሕግጋት በሚመራ ዓለም ውስጥ ስለሚጓዙ ስድስት ጀብደኞች ነው። በ2012 መጀመሪያ በርሉ ታትመው ካለቁት ቅጾች አንዱን እንደገና ለማሳተም ኪክስታርተር በተባለው የመዋጮ መድረክ 57,750 ዶላር ጠየቀ። መዋጮው ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ሲዘጋ 14,952 ሰዎች 1,254,120 ዶላር አስገብተው ነበር።

ታሪኩ ከመጀመሪያው ገጽ አንስቶ ድረ ገጹ ላይ ተቀምጧል። ማንበብ ለፈለገ የሚከለክለው አልነበረም። ታዲያ ለምን ከፈሉ?

መጽሐፉን መደርደሪያቸው ላይ ማየት የፈለጉ እንደነበሩ ጥርጥር የለውም። ሆኖም አንድ ሰው ለዓመታት ሲሠራ የተከታተለ አንባቢ የሚከፍለው ላለፈው ብቻ አይደለም። ቀጣዩ ገጽ እንዲመጣ ይፈልጋል፤ እንደሚመጣም ያምናል። አሳታሚም ሆነ ጋዜጣ ከኋላው ለሌለው የዌብኮሚክ (በድረ ገጽ የሚወጣ ሥዕላዊ ትረካ) አዘጋጅ ትልቁ ሀብቱ ይህ እምነት ነው። በማስታወቂያ የሚገዛ ነገር አይደለም፤ አዘጋጁ በየሳምንቱ ከሚያደርጋቸው ትንንሽ ውሳኔዎች ይጠራቀማል።

የመጀመሪያው ውሳኔ በሩን ክፍት መተው ነው። ፊልና ካያ ፎሊዮ «ገርል ጂኒየስ»ን በ2001 የጀመሩት በወረቀት እየታተመ በየተራ በሚወጣ ቅጽ ነበር። እንዲህ ያለ ኅትመት ክፉ ችግር አለው፦ አምስተኛውን ቅጽ ያገኘ አዲስ አንባቢ የመጀመሪያዎቹን አራት ካላገኘ ታሪኩ አይገባውም፤ መደብሮች ደግሞ አሮጌ ቅጽ አያቆዩም። ባልና ሚስቱ በኤፕሪል 2005 ቅጹን አቁመው በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ አንድ አንድ ገጽ በነፃ ማውጣት ጀመሩ። ዛሬ የመጣ አንባቢ ከገጽ አንድ ይጀምራል፤ የወደደው ደግሞ የተጠረዘውን መጽሐፍ ይገዛል። ሥራቸው ከ2009 እስከ 2011 በተከታታይ ሁጎ የተባለውን ሽልማት በሥዕላዊ ትረካ ዘርፍ ሲያገኝ፣ በቀጣዩ ዓመት ለሌሎች ዕድል እንዲሰጥ ብለው ራሳቸውን ከውድድሩ አገለሉ። ሽልማቱ ከተጀመረ ወዲህ ከእነሱ በቀር ያሸነፈ አልነበረምና ውሳኔው ቀላል አልነበረም፤ ክብር የሚገባው ነው።

ሁለተኛው የሰዓት ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ የሚደነቀው ሃዋርድ ቴይለር ነው። «ሽሎክ ሜርሴነሪ» የተባለውን የጠፈር ቅጥረኛ ወታደሮች ታሪክ ጁን 12 ቀን 2000 ጀምሮ ጁላይ 24 ቀን 2020 እስኪጨርስ ድረስ አንድም ቀን አላጓደለም። ሲጀምር ኖቬል የተባለ የሶፍትዌር ኩባንያ ተቀጣሪ ነበር፤ በ2004 መደበኛ ሥራውን ለቆ በሥዕሉ መተዳደር ጀመረ። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ገጾች ያየ ሰው እጁ ገና እንዳልተፍታታ ይገነዘባል። አንባቢዎቹ ግን እጁ ሲፍታታ ቀን በቀን ስላዩ፣ የእድገቱ ባለቤቶች የሆኑ ያህል ይቆረቆሩለታል።

በየቀኑ የሚወጣ ሥራ በየቀኑ የሚሠራ አይደለም። ሙያው ያላቸው ሰዎች ተጠባባቂ ገጾች ያከማቻሉ፦ የአንድ ሳምንት ጽሑፍ በአንድ ቀን ይጽፋሉ፤ በሌላ ቀን በእርሳስ ይነድፋሉ፤ ቀጥሎ በቀለም ያጠነክራሉ፤ ፊደሉንም ያስገባሉ። ጉንፋን፣ የቤት ለውጥ ወይም መጽሐፍ ጠቅልሎ የመላክ ሥራ ሲመጣ ክምችቱ ይጎድላል፤ ሲጎድል ያልሞላ ሰው በሦስተኛው ወር ሌሊት ሌሊት ሲስል ይገኛል።

ታዲያ በርሉስ? እሱ በቋሚ ቀን ማውጣቱን ከተወ ቆይቷል፤ ገጹ ሲያልቅ ይወጣል፤ አንባቢዎቹም አልሸሹም። ስለዚህ ወሳኙ የገጹ ብዛት ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ቴይለር በየቀኑ ብሎ በየቀኑ አወጣ፤ በርሉ የማይችለውን ቀን አልቆረጠም። አንባቢን የሚያርቀው ሰኞ ተብሎ በዝምታ የሚያልፍ ሰኞ ነው።

አንባቢ ሲቀርብ ደግሞ ሌላ ፈተና ይመጣል። በክፍል በክፍል የሚወጣ ታሪክ ይገመታል፤ ከብዙ ሺህ ገማች መካከል አንዱ ፍጻሜውን በትክክል መገመቱ አይቀርም። በዚህ ጊዜ ፍጻሜውን ቀይሮ ገማቹን ማሳሳት የሚያጓጓ ነው፤ ግን ቀድሞ የተዘሩት ፍንጮች ሁሉ ከንቱ ይሆናሉ፤ በጥንቃቄ ያነበበው አንባቢ ይቀጣል። አንድሩ ሃሲ «ሆምስተክ»ን በ2009 ሲጀምር ከዚህ በተቃራኒ ሄዶ ነበር፦ ገጸ ባሕርያቱ ቀጥሎ ምን እንደሚያደርጉ አንባቢዎች ሐሳብ ይልኩለታል፤ እሱ መርጦ ይስላል። አንባቢው ጥቂት ሳለ ይህ ድንቅ ጨዋታ ነው። የሚላከው ሐሳብ ሲበዛ ግን የታሪኩ መስመር ሊያዝ ስለማይችል ትእዛዝ መቀበሉን አቆመ። ትክክል አደረገ። አንባቢን መስማትና መሪውን ለአንባቢ ማስረከብ የተለያዩ ናቸው።

ከሁሉ የሚከብደው የስጦታ ቃል ነው። የበርሉ መዋጮ እየጨመረ ሲሄድ ከታተሙት መጻሕፍት ሌላ አዳዲስ አጫጭር ታሪኮችና ሥዕሎች ለለጋሾች ቃል ተገቡ። በሴፕቴምበር 2012 እጁ ላይ ከባድ ጉዳት ደረሰበትና ትረካው ለወራት ተቋረጠ፤ ቃል ከተገባባቸው ታሪኮች አንዳንዶቹም ዓመታት ፈጁ። መጽሐፍ ማተሚያ ቤት ያትመዋል፤ አሥር ሺህ ቅጂ ቢጨመርበት የሚጨምረው ወጪና መጓጓዣ ነው። አዲስ ሥዕል ግን የአንዲት እጅ ሥራ ነው፤ ያች እጅ ከታመመች ምንም ያህል ገንዘብ ቢኖር ተተኪ የላትም። መዋጮ ለመጠየቅ የሚያስብ ሠዓሊ ለለጋሾቹ የሚሰጠውን ሲዘረዝር፣ የትኛው በማሽን የትኛው በእጁ እንደሚሠራ ለይቶ ማስላት አለበት። ለበርሉ አንባቢዎች ግን አድናቆት ይገባቸዋል፤ በእነዚያ ወራት ጠበቁት።

የአፍቃሪዎች ጉልበት ሁልጊዜ ወደ ሠዓሊው ኪስ መፍሰስ የለበትም። «ፔኒ አርኬድ» የተባለው ዌብኮሚክ አዘጋጆች ማይክ ክራሁሊክና ጄሪ ሆልኪንስ በ2003 አንባቢዎቻቸው በሲያትል የሕፃናት ሆስፒታል ለተኙ ልጆች አሻንጉሊትና የቪዲዮ ጨዋታ እንዲልኩ ጠየቁ። «ቻይልድስ ፕሌይ» የተባለው በጎ አድራጎት ድርጅት እንዲህ ተጀመረ። በቀጣዩ ዓመት «ፓክስ» የተባለውን የጨዋታ አፍቃሪዎች ጉባኤ ሲያዘጋጁ፣ በስም ብቻ የሚተዋወቁት አንባቢዎች ፊት ለፊት ተገናኙ።

በ2013 የተመሠረተው ፓትሪዮን የተባለ የመዋጮ መድረክ ደግሞ ሌላ መንገድ ከፍቷል፦ አንባቢው በአንድ ጊዜ ትልቅ ገንዘብ ከመስጠት በየወሩ ጥቂት ዶላር ይሰጣል። ለሠዓሊው የቤት ኪራይ ይህ ይሻላል፤ ገቢው በወር በወር ይታወቃልና። በምላሹ ምን መስጠት እንዳለበት ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የሚበጀው በሥራው ሂደት ውስጥ አስቀድሞ የሚገኘው ነገር ነው፦ የእርሳሱ ንድፍ፣ የተጣለው ረቂቅ፣ ነገ የሚወጣው ገጽ አንድ ቀን ቀድሞ። ለእያንዳንዱ ለጋሽ በየወሩ የተለየ ሥዕል እስላለሁ ያለ ሰው መቶ ለጋሽ ባገኘ ጊዜ ታሪኩን የሚስልበት ቀን አይኖረውም፤ ለጋሾቹ ደግሞ የመጡት ለታሪኩ ነበር።