የሊምፋቲክ ፊላሪያሲስ የመድኃኒት አሰጣጥ መመሪያ፦ ሂሳዊ ምልከታ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው የሊምፋቲክ ፊላሪያሲስ የጅምላ ሕክምና መመሪያ፣ በተለዩ አካባቢዎች አይቨርሜክቲን፣ ዲኢሲና አልቤንዳዞል በአንድነት እንዲሰጡ ይመክራል። ምክሩ መሠረት ያለው ነው። በፓፑዋ ኒው ጊኒ ተካሂዶ በ2018 በታተመ ጥናት፣ ሦስቱን መድኃኒቶች አንድ ጊዜ ከወሰዱት 57 ሰዎች መካከል የ55ቱ ደም ከአንድ ዓመት በኋላ ከማይክሮፋይላሪያ ነጽቶ ተገኝቷል። ዲኢሲና አልቤንዳዞልን ብቻ አንድ ጊዜ ከወሰዱት 56 ሰዎች ግን ለዚህ ውጤት የበቁት 18ቱ ናቸው።

ይሁን እንጂ ይህ ውጤት ለሁሉም አገር እኩል አይሠራም። ዲኢሲ ኦንኮሰርካያሲስ ባለበት ሰው ላይ ብርቱ የሰውነት ቁጣ ሊቀሰቅስና ዓይንን ሊጎዳ ይችላል። ስለሆነም እንደ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሁለቱ በሽታዎች በሚደራረቡባቸው ሥፍራዎች የሚሰጠው በዓመት አንድ ጊዜ አይቨርሜክቲን በኪሎ ግራም ከ150 እስከ 200 ማይክሮግራም፣ ከ400 ሚሊግራም አልቤንዳዞል ጋር ነው። ጥንቃቄው ተገቢ ነው። መመሪያው በዋነኛነት የሚመልሰው ግን «የትኛው ቅንጅት ይሻላል?» የሚለውን ጥያቄ ነው። አማራጭ ለሌለው ጤና ባለሙያ ከዚህ የሚብሰው ጥያቄ «ያለው ቅንጅት እንዴት ግቡን ይምታ?» የሚለው ነው።

የሁለቱ መድኃኒቶች ዋነኛ ሥራ በደም ውስጥ ያለውን ማይክሮፋይላሪያ መቀነስ ነው። ያደገው ትል ለዓመታት በሕይወት ስለሚቆይ፣ ከጠቅላላው ሕዝብ ቢያንስ 65 በመቶው መድኃኒቱን እየዋጠ ዕደላው ከአምስት ዓመት ላላነሰ ጊዜ መቀጠል ይኖርበታል። በመዝገብ ላይ የሚሰፍረው ግን ብዙ ጊዜ የታደለው እንጂ የተዋጠው ክኒን አይደለም። በየዓመቱ የሚያመልጥ አንድ ሰው፣ ጎረቤቶቹ ሁሉ ቢታከሙም፣ ለትንኝ የተሕዋሲው ምንጭ ሆኖ ይኖራል። ቁመታቸው ከ90 ሴንቲሜትር በታች የሆኑ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች አይቨርሜክቲን አይሰጣቸውም፤ ሆኖም ዘንድሮ በእርግዝና ምክንያት የታለፈችው እናት ለከርሞ መረሳት የለባትም። ክኒኑ በአዳዩ ፊት እንዲዋጥና ያመለጡት በስም ተመዝግበው እንዲፈለጉ ማድረግ፣ የመጠኑን ያህል የሕክምናው አካል ነው።

ሁለተኛው ጉድለት ታማሚውን ይመለከታል። ማይክሮፋይላሪያ ከደም መጥፋቱ ያበጠን እግር ወደ ቀድሞው አይመልሰውም። እግሩ ንጽሕናና የቆዳ እንክብካቤ፣ የቆለጥ ከረጢት ውሃ መቋጠር ደግሞ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል። በደጋው አገር በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው ፖዶኮኒዮሲስ ከነጭራሹ በእነዚህ መድኃኒቶች አይታከምም። ይህ አስቀድሞ ካልተነገረው፣ እግሩ እንዳበጠ የቀረ ሰው «መድኃኒቱ አይሠራም» ብሎ ለመንደሩ ቢያወራ አይፈረድበትም፤ በሚቀጥለው ዓመትም ክኒኑን የሚቀበል ይቀንሳል።

በጥቅሉ መመሪያው በመድኃኒት ምርጫ ረገድ ጠንካራ ነው። በወረዳ ደረጃ ለሥራ ሲተረጎም ግን የመዋጡ ክትትልና የታማሚው እንክብካቤ ከሚሊግራሙ ጋር በአንድ ገጽ ሊጻፉ ይገባል።